ያልዞረችው ዛፍ

ልጡ ከዝግባው ሲላቀቅ እንደሚቀደድ ሸራ ጮኸ፤ ሃያ ክንድ ያህል ወርዶ ከቨርና እግር ሥር ተከመረ። ከትንሿ መርከብ የወረዱት አሥራ ሁለት እንግዶች በዝናብ ልብሳቸው እንደተጀቦኑ አጨበጨቡ። እሷም፣ ሰባ ዓመት የሞላት፣ ሃይዳ ከተባለው የደሴት ነገድ የተወለደች የልጥ ባርኔጣ ሠሪ፣ እንደ ሙሽራ ተጀነነች።

ጠዋት አንድ ቦርጫም እንግዳ «እማማ፣ በዚህ ዕድሜዎ ይችላሉ?» ብሏት ነበር።

«አንተ ያንን ቦርጭ ተሸክመህ ዳገቱን ከወጣህ፣ እኔ ልጥ መላጥ አያቅተኝም!»

አፉን አስያዘችው። ያስቸኮላት ግን ይኸው እልህ ነው።

በአገሩ ወግ፣ ከመቁረጥ በፊት ዛፉን በእጅ እየዳሰሱ ይዞሩታል። አንዴ ልጥ የሰጠ ዝግባ ዳግመኛ አይነካም፤ ከሁለት ወገን ከላጡት ይደርቃል። ይህን ለመንደሩ ልጅ ሁሉ ስትለፈልፍ የኖረችው ራሷ ቨርና ናት። ዛሬ ግን፣ ሰው እያየኝ እንደ ዕውር ግንድ ልዳብስ? ብላ አልዞረችም።

«ከጀርባው ያለው ምንድን ነው?» አለች አንዲት እንግዳ።

ቨርና ሄዳ አየች። የዛፍ ሽበት ከጋረደው ሥር ያረጀ ጠባሳ አለ፤ ስፋቱ ሁለት መዳፍ፣ ግርጌው ወደ ግራ የዘመመ። እንዲህ የምትቆርጥ አንዲት ግራኝ ብቻ ነበረች። እናቷ።

«ድብ ነው» አለች። «ጥፍሩን ስሎበት ነው።»

እንግዳዋ ፎቶ አነሳች። ጀልባ ነጂዋ ደልፊን፣ የቨርና የእህት ልጅ፣ አቀረቀረች። የድብን ጥፍር ከሰው እጅ መለየት ያስተማረቻት ይህችው አክስቷ ናት።

በደልፊን ጀልባ ወደ መርከቧ ሲመለሱ እርጥቡ ልጥ ቨርናን ጭኗ ላይ ከበዳት። ቦርጫሙ «እማማ፣ ተሸንፌያለሁ» ሲላት፣ ምነው በሰደበኝ አለች በልቧ።

«አንቺ፣ ምን ዘጋሽ?» አለች ወደ ደልፊን ጠጋ ብላ።

«ምን ልበል አክስቴ? ድቡ ግራኝ ነበር እንዴ?»

የቨርና ፊት ነደደ።

«ወደ ዛፉ መልሺኝ» አለች።

«እንግዶቹስ? ምሳቸው ደርሷል።»

«እነሱም ይምጡ፣ እውነቱን ይስሙ። ያጨበጨቡት እነሱ አይደሉ?»

ጀልባዋ ዞረች።

«ምን ረስተን ነው?» አለ ቦርጫሙ።

ቨርና ልትመልስለት ቀና አለች። በባሕሩ ዳር፣ ከጠቆሩት ግንዶች ሁሉ መካከል፣ አንዱ ብቻ ተልጦ በዝናቡ ውስጥ ያበራል።