እንቅልፉን እምቢ ያለው ሊቀመንበር

ደመላሽ በመንዝ፣ ከዘመሮ ወዲያ ያለች አንዲት ቀበሌ ሊቀመንበር ነው። ስብሰባ ሲወድ ለጉድ ነው፤ አምስት ሰው ቆሞ ካየ አጀንዳ ያወጣል። አንድ አጀንዳ ግን ለማንም አቅርቦ አያውቅም፤ ከሚስቱ ከበዛወርቅ ጋር ዘጠኝ ዓመት ኖረው ልጅ አልመጣም። አገሩ መካን ናት ብሎ ፈረደባት። ደመላሽም ዝም አለ፤ ፍርዱ በሌላ ሰው ላይ ሲሆን ዝም ማለት ምን ይከብዳል!

በጥር ግን ተደብቆ ደብረ ብርሃን ሄደ፤ የመረመረው ሐኪም እንቅጩን ነገረው። የዘር ፍሬው ደም ሥሮች አብጠው ዘሩን አዳክመውበታል፤ በቀዶ ጥገና መቋጠር አለባቸው። ደመላሽ ለሚስቱም ለቀበሌውም ስልጠና ተጠራሁ ብሎ ለቀዶ ጥገናው ተመለሰ። ያን ጊዜ መቼም ስልጠና የማይጠራ ሹም አልነበረምና ማንም አልጠረጠረም።

የማደንዘዣ ባለሙያው ውባየሁ ምርጫ አቀረበለት፤ ወይ ሙሉ እንቅልፍ፣ ወይ ጀርባው ላይ ተወግቶ ከወገብ በታች ብቻ መደንዘዝ። ደመላሽ የሚያውቀው ምርጫ ውጤቱ ቀድሞ የሚታወቀውን ነውና፣ የትኛው እንደተወሰነ ጠየቀ። ውባየሁ የሚወስኑት እርስዎ ነዎት ሲለው ግራ ገባው።

ወዲያው ፍርሃት ያዘው። በመድኃኒት የተኛ ሰው የሆዱን ይዘረግፋል ሲባል ሰምቷል። ከነርሶቹ አንዷ የመንዝ ልጅ ብትሆንስ? ጀርባዬን ውጉኝ፣ አፌን እኔው ልጠብቅ አለ። ከተወጋ በኋላ እግሮቹ የሌላ ሰው እግር መሰሉት፤ አፉን ግን እስከ መጨረሻው ገጥሞ ያዘ፤ ያመዎታል ወይ ሲሉት እንኳ ራሱን ነቅንቆ ነው የመለሰው።

ሲያልቅ ውባየሁ መከረው። ለሰዓታት ጋደም ይበሉ፣ ሽንት ሳይሸኑ አይውጡ፣ ራስዎን ክፉኛ ካመመዎት ይመለሱ፣ ጠበቅ ያለ የውስጥ ሱሪ ይልበሱ፣ ለአንድ ወር ከባድ ነገር እንዳያነሱ።

"ድንጋይስ?" አለ ደመላሽ።

"ድንጋይማ በፍጹም።"

ጉድ ፈላ! በሳምንቱ የእርከን ሥራ ዘመቻ ነው። የመጀመሪያውን ድንጋይ የሚያኖረው ሊቀመንበሩ ነው፤ ልማዱን ያመጣው ራሱ ደመላሽ ነው። አምና ደግሞ የሐኪም ወረቀት አልቀበልም፣ ድንጋይ አላነሳም የሚል በሽታውን በሕዝብ ፊት ያስረዳ ብሎ አስወስኗል። ሽማግሌው አያ እምሩ ቡአቸውን በዚያ ሁሉ ሴት ፊት አስረድተዋል፤ ትዕዛዙ የሚባለው የቀበሌው ጸሐፊም በቃለ ጉባኤ ይዞታል።

የዘመቻው ዕለት ሕዝቡ ተራራው ግርጌ ተሰበሰበ። ደመላሽ ድንጋዩ ላይ ጎንበስ አለ፤ ስፌቱ ወጋው፤ ቀና አለ። አሞኛል አለ።

"አስረዳና ልጄ፣ ሕጉ ያንተው ነው" አሉ አያ እምሩ።

ወገቤን ብሎ ሊያመልጥ አፉን ሲከፍት፣ በዛወርቅ ከሴቶቹ መሐል ወጣች። ነገሩን አታውቅም፤ ባሏ ሲያፍር ማየቱን ብቻ አልቻለችም። ጎንበስ ብላ ድንጋዩን አቀፈችው።

"አንሺ እንጂ" አለች ጎረቤታቸው አዛለች፣ "ያዘልሽው ልጅ የለ።"

ሴቶቹ ሳቁ። በዛወርቅ ድንጋዩን ከመሬት አነሳችው፤ ስድቡን ለምዳዋለች። ደመላሽ ያን መልመዷን አየ። ያ በመርፌ እንኳ ሳይደነዝዝ የጠበቀው አፉ አሁን ከዳው።

"ቀዶ ጥገና ተደርጌ ነው" አለ። "ዘጠኝ ዓመት ልጅ ያጣነው በኔ ነው። እሷ ምንም የለባትም።"

አዛለች አንገቷን ደፋች። በዛወርቅ ድንጋዩን ቀስ ብላ መሬት አኖረችው፤ ባሏን አላየችውም። ወደ ጸሐፊው ዞረች።

"ትዕዛዙ፣ ይሄን በቃለ ጉባኤ ያዝልኝ።"

ትዕዛዙ ጻፈ። አንብብልኝ አለችው፤ አነበበላት።

"ድገምልኝ" አለችው።