የአባቴ ዓይንና የሀረጎ ዳገት

አጎቴ ጀላል አባቴን፣ ዓይኑ ውስጥ ጋዝ እንዳለ፣ ይዞት ወደ ደሴ ወጣ።

እኔ ክር ልገዛ ወጥቼ ነበር። ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ስመለስ ፍራሹ ባዶ ነው። ጎረቤቴ አትጠገብ ከደጃፏ ሆና፣ "ወንድማቸው በፒካፕ መጥተው ወሰዷቸው። ለኒካሁ ነው አሉ" አለችኝ።

የእህቴ የፋኢዛ ኒካህ፣ የጋብቻ ውሏ፣ በማግስቱ ነበር። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ አባ ቤት።

አባቴ ሳሊሕ ግራ ዓይኑ ድሮ ነው የጠፋው፣ ሽቦ ወግቶት። የቀረው ቀኙ ብቻ ነው። ከሳምንት በፊት ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ፣ "አንድ ሰው ጥቁር መጋረጃ እየጎተተብኝ ነው" አለ። ኮምቦልቻ አወረድነው፤ የዓይን ሐኪም አለች ስለተባለ። በማግስቱ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። እኔ እዚሁ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እኔ ቤት ተኛ።

ዶክተር ይታይሽ ስታስረዳኝ ቶሎ ገባኝ። ስፌት ነው። ዓይን ውስጥ ከኋላ በኩል እንደ ኮት ገበር የተለጠፈ ስስ ነገር አለ፤ ሬቲና ይሉታል። የሚያየው እሱ ነው። የአባ ገበር ተቀደደ፣ በቀዳዳው ውሃ ሾልኮ ገባና ከጨርቁ አላቀቀው። እሷ ውስጡን አጽድታ፣ የቀዳዳውን ዙሪያ በጨረር ተኩሳ፣ ጋዝ ሞላችበት።

"ጋዙ ገፍቶ ይለጥፈዋል ማለት ነው?" አልኳት።

"መግፋቱስ ትንሽ ነው። ዋናው መድፈኑ ነው። ጋዙ ቀዳዳው ላይ ሲያርፍ የውሃው ፊት እንደ ቆዳ ይወጠርና በዚያች ቀዳዳ ማለፍ ያቅተዋል። አዲስ ውሃ ካልገባ፣ የገባውን ዓይኑ ራሱ መጦ ይጨርሰዋል። የተተኮሰውም እስኪይዝ ጊዜ ያገኛል።"

"ለምንድነው ታዲያ የሚደፋው?"

"ጋዝ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ቀዳዳው ከኋላ ነው። ፊታቸውን ሲደፉ ኋላው ላይ ይሆናል።"

አስር ቀን እንደተደፋ መቆየት አለበት። ከየሰዓቱ አስር ደቂቃ ብቻ ቀና ይላል። መሃሉ ክፍት የሆነ ትራስ ሰፋሁለትና ትራሱን በተራራቁ ሁለት በርጩማዎች ላይ አጋደምኩት፤ ፊቱን እዚያ ውስጥ አስገብቶ ይቀመጣል። "ዕድሜዬን ሙሉ ሱጁድ ታሳጥራለህ፣ ግንባርህን ከምድር ቶሎ ታነሳለህ ስባል ኖሬ፣ ይኸው ተቀበልኩ" ይላል።

"ጋዙ እስኪጠፋ ደሴ አይውጡ። ከፍታ ነው፣ ጋዙ ያብጣል" ብላውም ነበር ዶክተሯ። አባ ሳቀ።

"ደሴ ከፍታ ናት? ከፍታስ የጦሳ ተራራ!"

አውሮፕላን አትሳፈር ቢባል እሺ ይል ነበር። እኛ ዘንድ ግን ደሴና ኮምቦልቻ ሳሎንና ጓዳ ናቸው። ጠዋት ወርዶ ሠርቶ ማታ የሚወጣው ስንቱ ነው።

ደወልኩ። አጎቴ አነሳ።

"የት ናችሁ?"

"የሀረጎን ዳገት ጀምረናል። አብሽሪ፣ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው።"

"ፍጥነቱ አይደለም አጎቴ፣ ዳገቱ ነው! ያዙሩት!"

"እናንተ የዛሬ ልጆች ደግሞ..." ብሎ ሲጀምር፣ አባ ከጎኑ፣ "ጀላል፣ ዓይኔ ሊፈነዳ ነው" ሲል ሰማሁ።

አባ ጥርሱን ሲነቅሉት እንኳ ዝም ያለ ሰው ነው።

"አዞርኩ" አለ አጎቴ። "ወላሂ አዞርኩ።"

ክሊኒኩ በር ላይ ጠበቅኳቸው። ዶክተሯ የዓይኑን ግፊት ለካች፣ ጠብታ ጨመረች፣ ኪኒን ሰጠች፣ ቆይታ ደግማ ለካች።

"እየወረደ ነው። ደሴ ደርሰው እዚያ ቢያድሩ ኖሮ ደም ወደ ዓይኑ መግባት ያቅተው ነበር። ያኔ ደግሞ መጥፋት ነው።"

አጎቴ ግድግዳውን ተደግፎ ኮፍያውን በእጁ ያሽከረክራል።

"የቺፕስ ከረጢት" አለ በመጨረሻ።

"ምን?"

"ከዚህ ጭኜ ደሴ ሳወጣው እንደ ኳስ ነው የሚነፋው። ላይ አየሩ ይሳሳል፣ ከውጭ የሚጫነው የለም። ሃያ ዓመት ጭኛለሁ። ያ አላህ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ እያየሁት!"

"ዓይኔ ቺፕስ ነው እንዴ?" አለ አባ እንደተደፋ።

"ዝም በል አንተ! ላጠፋህ ነበር እኮ።"

ቤት ወስጄ ትራሱ ላይ አስደፋሁት።

"አጎቴን ወክለውና ኒካሁን እሱ ይሰር። ይፈቀዳል" አልኩት።

የትራሱን ጠርዝ በእጁ ዳሰሰ። ከትራሱ ውስጥ፣ "ያንቺንም ያሰረው ጀላል ነው" አለ።

እውነት ነው። የእኔ ኒካህ ቀን አባ ጅቡቲ ነበር፣ ዕቃ ተይዞበት። በስልክ ወከለው። አስራ አንድ ዓመት ሆነው። እኔም ምንም አላልኩት፣ እሱም አንስቶት አያውቅም።

"ዕቃውን ትቼ መምጣት እችል ነበር" አለ። "አልመጣሁም። የፋኢዛን በእጄ ነው የምሰጠው። ዓይኑም ከሄደ ይሂድ።"

"አይሄድም።"

"መዲና..."

"አይሄድም አልኩህ። ቀና አትበል።"

ወጥቼ ፋኢዛ ጋ ደወልኩ።

"ኒካሁ እዚህ ነው።"

"እዚህ የት?"

"እኔ ቤት። እሱ መውጣት ካልቻለ እናንተ ውረዱ። ታስሮ ሲያልቅ ወጥታችሁ እዚያ ትበላላችሁ።"

"ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ? የሁዘይፋ ቤተሰቦች ምን ይላሉ?"

"ማሽኖቹን አወጣለሁ።"

ማልቀስ ጀመረች። ጊዜ አልነበረኝም፣ ዘጋሁት።

በማግስቱ ከዙሁር ሶላት በኋላ ወረዱ። ሙሽራው ሁዘይፋ ነጭ በነጭ ለብሷል። ኒካሁን የሚያስሩትን ሼህ ፉርቃንን በሩ ላይ ያዝኳቸው።

"ሸሃችን፣ አስር ደቂቃ ነው ያለን። ከዚያ አባ ይደፋል።"

"ኢንሻአላህ፣ ልጄ።"

የሳቸው አስር ደቂቃ ስንት እንደሆነ ደሴ ሙሉ ያውቃል። ሴቶቹ ከሙሽራዋ ጋር ጓዳ ናቸው፤ እኔ ስልኬን ይዤ መሃል በሩ ላይ ቆምኩ። ኹጥባው፣ የሼሁ ምክር፣ ተጀመረ። ስምንት ደቂቃ። ዘጠኝ። አስር። ሼሁ ገና የባል ግዴታ ላይ ናቸው።

"ሸሃችን" አልኩ።

ወንዶቹ ሁሉ ዞሩ።

"አሁን ነው ዋናው፣ ልጄ።"

አባ ራሱ ነገሩን ጨረሰው። ጎንበስ ብሎ ፊቱን ትራሱ ውስጥ አስገባና በበርጩማዎቹ መሃል እጁን ዘረጋ። ሁዘይፋ እጁን ያዘ። ግን ፊት ለፊት መቀመጥ ነበረበት፤ የሚያየው ደግሞ የአባን ማጅራት ነው። ሼሁን አየ። ሼሁ አባን አዩ። 

ሁዘይፋ ቆቡን አስተካከለና ምንጣፉ ላይ በጀርባው ተኛ። እየተሳበ ከበርጩማዎቹ ስር ገባ፣ ከነነጭ ልብሱ።

"አሰላሙ ዓለይኩም፣ አባ" አለ ከታች።

"ወዓለይኩም ሰላም። ሁዘይፋ ነህ?"

"ነኝ።"

"ደመና ትመስላለህ። ቀረብ በል። ከጋዙ ጋር የሚታየኝ አፍንጫዬ ስር የደረሰ ነገር ብቻ ነው።"

ሁዘይፋ ከታች ቀና አለለት።

"ትንሽ። ትንሽ... ይኸው። ማሻአላህ፣ ሳትላጭ ነው እንዴ የመጣኸው?"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አጎቴ እየሳቀ በኮፍያው ዓይኑን ይጠርጋል። ሼህ ፉርቃንም ወገባቸውን ይዘው ተንበረከኩና ነጠላቸውን በተያያዙት እጆች ላይ ጣሉ።

"ልጄን ፋኢዛን ድሬልሃለሁ" አለ አባ። ድምፁ ተቆረጠ። ደግሞ ከመጀመሪያው አለው።

"ተቀብያለሁ" አለ ሁዘይፋ።

ጓዳው እልል አለ።

ፋኢዛ መጥታ የአባን ማጅራት ሳመችው፤ ሌላ የሚሳም ቦታ አልነበረም። ከዚያ ግብዣው ሳይቀዘቅዝ ብለው ተንጋግተው ወጡ። መኪኖቹ ክላክስ እያደረጉ ሀረጎን ሲጀምሩ እዚህ ድረስ ይሰማል።

ቤቱ ጸጥ አለ። አባ እንደተደፋ ነው።

"መዲና፣ አንቺም ሄድሽ እንዴ?"

ምንጣፉ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ከበርጩማዎቹ ስር ገባሁ።