ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት

የልጄ የጆሊን አሮጌ የናፍጣ ፒክአፕ ጥጆች የጫነውን ተሳቢ እየጎተተ ዳገቱን ወጣ። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ የሞተሩን ድምፅ አዳምጥ ነበር። አናቱ ላይ ስንደርስ «አቁሚ» አልኳት።

«እማ፣ አሁንም? ጥጆቹን የምንሸጥበት ጨረታ ያልፈናል እኮ!»

«ጎማዎቹን ልዳስስ።»

«ከአንቺ ጋር ከመሄድ ጥጆቹን በእግር መንዳት ይሻላል!»

እየሳቀች አቆመች። አባቷ እንዳስለመደን ወርጄ የየጎማውን መሃል በመዳፌ ነካሁ። የፒክአፑ ሁሉም ለብ ብለዋል። የተሳቢው የግራ ጎማ ግን እጄን ለበለበኝ።

ጆሊን መጥታ ነካችው፤ ሳቋም ጠፋ።

«የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ደርቆ እየተፋጨ ነው። የፒክአፑን ዘይት ቀየርኩ፣ ፊልትሮ ቀየርኩ፣ ፍሬኑን አሳደስኩ። ተሳቢውን ግን ግሪስ እንኳ አልቀባሁትም» አለች።

በገደሉ ዳር ዳር የሚወርደውን መንገድ አየች። «ቀስ ብዬ ብወርድስ?»

«ጎማው ተነቅሎ ይቀድምሻል፣ ልጄ።»

ጆሊን ለጎረቤታችን ለሚስተር ሃልቮርሰን ደውላ ጥጆቹን የምናዛውርበት ሌላ ተሳቢ እንዲያመጣልን ለመነችው። ጨረታው አመለጠን። እኔ ግን ገና ስላልተረጋጋሁ ጎማዎቹ እንዳይንከባለሉ ከሥራቸው የማደርገው ድንጋይ ፍለጋ ሄድኩ።