ሁለቴ ካልተጫነ

ሸዋገነት መሸሻ ቀራንዮ መድኃኔዓለም አካባቢ ባለ አንድ የግል ላቦራቶሪ ውስጥ አሥራ ስድስት ዓመት ሠርታለች፤ የመጨረሻዎቹን ዘጠኝ ዓመታት በኃላፊነት። መርፌ ላይ እጇ ቀላል ነው። ልጅ ይዘው የሚመጡ እናቶች ከበሩ ጀምሮ «ሸዋዬ የለችም እንዴ?» ይሉ ነበር። በሥራዋ የሚያማት ሰው አልነበረም። የምትፈራው ነገር ቢኖር ኮምፒውተር ነው።

ላቦራቶሪው ታካሚ የሚመዘግብበትና ውጤት የሚያትምበት ፕሮግራም እሷ በተቀጠረችበት ዓመት የተጫነ ነው። የሠራው ሰውዬ ስልክ ካልሠራ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ፕሮግራሙ የሚይዘው አሥር ሺህ የካርድ ቁጥር ብቻ ስለሆነ ሲሞላ ተመልሶ ከአንድ ይጀምራል። ስለዚህ ዛሬ የመጣ ሰው ድሮ የሌላ ሰው የነበረ ቁጥር ይደርሰዋል። ውጤቱ ሲከፈት ታዲያ አንዳንዴ ስሙ የአዲሱ፣ ውጤቱ ግን የድሮው ሰው ሆኖ ይወጣል። እንዲስተካከል አንዱን ቁልፍ ሁለቴ መጫን ያስፈልጋል። ሸዋገነት አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የምታስተምረው ይህንን ነበር።

«ሁለቴ ጫኑ። ሁለቴ ካልተጫነ እንዳታምኑት።»

ራኬብ የምትባል ወጣት ባለሙያ ሁለት ዓመት ስትሠራ ስህተቶቹን በደብተር ትመዘግብ ነበር። አንድ ቀን ደብተሩን ይዛ መጣች።

«ወይዘሮ ሸዋገነት፣ በሦስት ወር አሥራ ሰባት ጊዜ ተሳስቷል። ሁሉንም ሳይታተም ይዘነዋል። ቀጣዩን ግን ላንይዘው እንችላለን።»

«እኔ የጠፋኝ መሰለሽ? ዶክተር ናቸው እምቢ ያሉት» አለቻት ሸዋገነት።

የላቦራቶሪው ባለቤት ዶክተር ታዲዮስ ግን እምቢ አላሉም። እንዲያውም አምና በጥር አዲስ ፕሮግራም የሚሸጥ ድርጅት አንድ ወጣት ሲልክ፣ ሸዋገነት ወንበሩ ላይ እንድትቀመጥና እንድትሞክረው አድርገው ነበር። ወጣቱ «ማዘር፣ እዛ ጋ አይደለም፣ እዚህ ጋ» አላት፤ ሦስት ጊዜ። በአራተኛው ማውሱን ከእጇ ወስዶ ራሱ ጫነው። በሩ ላይ ቆመው ከሚያዩት የላቦራቶሪው ልጆች አንዱ ፈገግ ያለ መሰላት። ፊቷ ጋለ። የዚያን ዕለት ማታ ለባሏ እንኳ አልነገረችውም።

ዶክተሩ ሲጠይቋት «ገና ነው፤ የድሮው ይሠራል» አለች።

«የምትሠሩበት እናንተ ናችሁ። የምንቀይርበትን ጊዜ አንቺ ንገሪኝ» አሏት።

በሰኔም ጠየቋት። «ገና ነው» አለች።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ የሰርግ ወራት ሲገባ ለጋብቻ ምርመራ የሚመጣው ሰው በዛ። ማራኪ ጥሩነህ ከእጮኛዋ ጋር የመጣችው ያን ሰሞን ነው። ውጤት የሚወጣበት ሰዓት ራኬብ ምሳ ወጥታ ስለነበር ኮምፒውተሩ ፊት ያለችው ሸዋገነት ነበረች። የማራኪን ስም አየች፤ የጉበት ቫይረስ እንዳለባት የሚለውን መስመር አየች፤ አተመች፤ ፈረመች። ሁለቴ አልጫነችም። ለምን እንዳልጫነች በኋላ ብታስብ ብታስብ ምክንያት አላገኘችም። ሰው ተሰልፎ ነበር፣ በቃ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን የማራኪ አባት አቶ ጥሩነህ ሁለት ወረቀት ይዘው መጡ። የአውቶቡስ ሹፌር የነበሩ፣ ጡረታ የወጡ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው።

«እህቴ፣ ይሄ የእናንተ ነው። ይሄ ደግሞ የሆስፒታል ነው። ሁለት ጊዜ አስመርምረናታል፣ ምንም የለባትም። ሰርጉ ባለፈው እሁድ ነበር፤ የልጁ ቤተሰቦች ሽማግሌ ልከው ቀርቷል አሉን። እኔ ጠብ አልፈልግም። የማን ስህተት እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ።»

ሸዋገነት ወረቀቱ ግርጌ ያለውን የራሷን ፊርማ አየችው። ከዚያ አፏ ከልቧ ቀደመ።

«አባቴ፣ እዚህ የሚሠሩት ልጆች ናቸው። አንዳንዴ ይቸኩላሉ።»

ከኋላዋ ራኬብ የደም ቱቦ እየደረደረች ነበር። የቱቦዎቹ ድምፅ ቆመ።

አቶ ጥሩነህ «ልጅ ነው፣ ምን ይደረጋል» ብለው ወረቀቶቹን አጥፈው ወጡ። አመኗት። ቢሰድቧት ይቀላት ነበር።

በማግስቱ የማራኪን ጉዳይ የሰሙት ዶክተር ታዲዮስ ሁሉንም ሰበሰቡ። ደብተሩን ማን እንዳሳያቸው አልታወቀም፣ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጧል።

«ራኬብ፣ ይሄን ሁሉ እያወቅሽ ዝም አልሽ?»

«ዝም አላልኩም። ተናግሬያለሁ።»

«ለማን?»

ራኬብ ጫማዋን አየች። ትናንት ጥፋቱን በእሷ ላይ ያላከከችባትን ሴት ዛሬ አሳልፋ አልሰጠችም። ሸዋገነት አንድ እርምጃ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች።

«ለእኔ ነው የነገረችኝ» አለች። «እርስዎ እምቢ እንዳሉ አድርጌ ነገርኳት።»

«እኔ? እኔ መቼ እምቢ አልኩ?»

«አላሉም። ያተምኩትም የፈረምኩትም እኔ ነኝ። ለአባትየው ግን ልጆቹ ናቸው አልኩ።»

«ለምን ሸዋገነት? ለምንድነው ገና ነው ስትይኝ የከረምሽው?»

«አልችለውም ብዬ። እነዚህ ልጆች ፊት አለመቻሌ እንዳይታይ ብዬ።»

ዶክተሩ ለቤተሰቡ የይቅርታ ደብዳቤ እጽፋለሁ አሉ። ሸዋገነት ግን ደብዳቤውን ሳትጠብቅ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ታክሲ ይዛ ሳንሱሲ ወደሚገኘው የማራኪ ቤተሰብ ቤት ሄደች።

አቶ ጥሩነህ በሩን ከፈቱላት። ገና ሳትቀመጥ «ልጆቹ አይደሉም፣ እኔ ነኝ። ትናንትም ዋሸሁዎት» አለቻቸው። ሽማግሌው ወንበር ከመሳባቸው በፊት ቆም አሉ፤ ከዚያ ሳቡላት። ማራኪ ከጓዳ ወጥታ ጥግ ላይ የተቀመጡት እናቷ አጠገብ ቆመች። አልጨበጠቻትም።

«ለእጮኛዬ ደወልኩለት፣ አላነሳም» አለች ማራኪ። «አንድ ጊዜ እንኳ ድጋሚ እንመርመር አላለኝም። እሱን እንዳውቀው አደረጉኝ፤ ግን ላመሰግንዎት አልችልም። እዚህ ግቢ ያሉ ሰዎች እኔ የጠጣሁበትን ብርጭቆ ለይተው አስቀምጠዋል።»

«ምን ላድርግልሽ ልጄ?»

«እኔን አያጽናኑኝ። ሄደው ለእነሱ ይንገሩልኝ።»

ግቢው ውስጥ ሌላ ሦስት ቤት ነበር። ሸዋገነት ሦስቱንም አንኳኳች። «የላቦራቶሪው ሰው ነኝ፣ የማራኪ ውጤት የተሳሳተው በእኔ ነው፣ ልጅቷ ጤነኛ ናት» ብላ ሦስት ጊዜ ተናገረች። የመጀመሪያዋ ሴትዮ አላመነቻትም፤ ወረቀት አሳይኝ አለች። የመጨረሻዋ «አይ እናንተ!» ብላ በሩን ዘጋችባት። ሸዋገነት የተዘጋው በር ፊት ትንሽ ቆመችና እስከ ፌርማታው በእግሯ ሄደች።

የድሮው ፕሮግራም በማግስቱ ቆመ። አዲሱ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ውጤት በእጅ ተጻፈ። በዚህ መሃል ሸዋገነትና ራኬብ የመመርመሪያ ማሽኖቹን መዝገብ ከታተሙት ቅጂዎች ጋር አንድ በአንድ አመሳከሩ። ውጤቱ የተሳሳተበት ሌላ አራት ሰው አገኙ። አንዱ ስኳር ሳይኖርበት ሁለት ወር የስኳር መድኃኒት ወስዷል። ለአራቱም የደወለችው ሸዋገነት ናት። ራኬብ «ልርዳዎት?» ብትላት እምቢ አለች። በእነዚያ ሳምንታት ራኬብን ይቅርታ ለመጠየቅ ሁለት ጊዜ ጀምራ አቋርጣለች። በሦስተኛው «ያን ቀን ቱቦ ስትደረድሪ ለአባትየው ያልኩትን ሰምተሻል» አለቻት። ራኬብም «ሰምቻለሁ» አለች። ያን ቀን ግን ሻይ ስታስመጣ ሁለት አዘዘች።

የልጁ ቤተሰቦች እውነቱን ሲሰሙ ሽማግሌ መልሰው ላኩ። ማራኪ አልፈልግም አለች።

ሸዋገነት ኃላፊነቱን ለቀቀች፤ ራኬብ ተተካች። አዲሱ ፕሮግራም የጀመረ ዕለት ሸዋገነት የመዝጋቢው ወንበር ላይ ነበረች። የመጀመሪያዋ ታካሚ ሃጂራ የምትባል፣ ልጅ ያዘለች ሴት ናት። ሸዋገነት የዕድሜ ሳጥኑን ፈልጋ አጣችው። ከሴትዮዋ ጀርባ አምስት ሰው ተሰልፏል፤ ልጆቹም ሁሉም እዚያው ናቸው። አንገቷ ሥር ላብ ተሰማት።

«አዲስ ነው፣ አላወቅሁትም» አለች ጮክ ብላ። «ራኬብ፣ ነይ አሳዪኝ።»

ራኬብ መጥታ በጣቷ ጠቆመቻት፤ ማውሱን አልነካችም። ሸዋገነት ራሷ ጫነችው።