የማሊናል እንዝርት

ማሊናል በምጥ ስትሞት እንዝርቷን ከራስጌዋ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ጎረቤት ነኝ፤ ግቢያችንም አንድ ነው። በእኛ አገር በሶቺሚልኮ በወሊድ የሞተች ሴት እንደ ሌላው ሙት አርፋ አትተኛም። ፀሐይን ከእኩለ ቀን እስከ መጥለቂያዋ ትሸኛለች፤ ቀኗ ሲደርስም እንዝርቷን ፍለጋ ወደ ምድር ትወርዳለች። ካጣችው ሕፃናትን በበሽታ ትመታለች። ስለዚህ ከነእንዝርቷ እንቀብራታለን።

ከቀብሩ በኋላ ታናሽ እህቷ ሾኮ ድንገት ባለሙያ ሆና አረፈችው። ቀድሞ ፈትሏ ቋጠሮ በቋጠሮ ነበር፤ አሁን ለዓይን እስኪያስቸግር የቀጠነ ክር ታወጣ ጀመር። «ከገበያ አዲስ እንዝርት ገዝቼ ነው» አለች። በር ዘግታ ስለምትፈትል እንዝርቷን ያየ የለም። ወሬው ደርሶ ሾኮን ለጋብቻ የሚጠይቁ አማላጅ አሮጊቶች ከደህና ቤት መጡ።

እናቷ ሴንቴዋ ደግሞ መፍተል እርግፍ አድርጋ ተወች። እጇን አጣጥፋ መዋል ሆነ ሥራዋ። መንደሩ አሽሟጠጠ፤ እኔም አልቀረሁም።

አንዷ አማላጅ ሴንቴዋን ገላምጣ፣ «የኔ ልጅ፣ አንቺም ነገ እንደ እናትሽ ትቀመጪ ይሆን?» አለቻት።

«ኧረ እትዬ!» አለች ሾኮ። «እማዬ እኮ አሁን ዝንብ ከፊቷ ማባረርም ይደክማታል። እኔ በእሷ አልወጣሁም።»

ሁሉም ሳቁ። ሴንቴዋም አብራ ሳቀች።

ሟቾቹ የሚወርዱበት ቀን ሲደርስ ሴንቴዋ አተኮሳት። ለሟቾቹ በቢራቢሮ ቅርጽ የተጋገረውን ቂጣ መንገዶቹ ከሚገናኙበት መሠዊያ እንድናደርስ እኔንና ሾኮን ላከችን። ሾኮ እግሯን እየጎተተች መጣች። ቂጣውን ሳስቀምጥ ድንጋዩ ላይ ጠርዟ የተሸረፈ ጥቁር የሸክላ ክብ ያላት እንዝርት አየሁ።

«ይቺ የሴንቴዋ አይደለችም እንዴ?» አልኩ።

«ናታ» አለች የመሠዊያው ጠባቂ። «ባለፈው ሲወርዱ አመጣቻት። ‹ልጄ የራሷን ሳትይዝ ነው የሄደችው፤ በእኔ ትፍተል› አለች። እንግዲህ እንዝርቷን ለሙት የሰጠች ሴት ሌላ አትጨብጥም።»

«ሳትይዝ? በገዛ እጄ አስቀምጬላት!» ብዬ ዞር ስል ሾኮ መሬት መሬት ታያለች። ያኔ ገባኝ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር አሉ! «አንቺ፣ ከሬሳ?» አልኳት። ሰው ሰማን አልሰማን አላልኩም።

ወደ ቤት ሮጠች። የማሊናልን እንዝርት ለራሷ ሠርግ የፈተለችው ክር እንደተጠመጠመባት ይዛ ተመለሰችና ድንጋዩ ላይ አኖረቻት። የእናቷን ልታነሳ ስትል ጠባቂዋ እጇን መታቻት።

«የተሰጠ ተሰጠ! ልመልስ ብትይ አይመለስም።»

ቤት ስንደርስ ሴንቴዋ ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች። የሾኮን ባዶ እጅ አይታ ምንም አልጠየቀችም።

«መቼ አወቅሽ፣ እማ?»

«የመጀመሪያ ፈትልሽን ሳይ። የማሊናልን ክር አጣዋለሁ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? ሰው ፊት ያንን ሁሉ ስልሽ!»

«አንዷን ቀበርኩ። የቀረችኝን ደግሞ ሌባ ናት ብዬ ልጩህባት?»

እኔ ራሴ የምገባበት ጠፋኝ። ሾኮ ከአጥሩ የቃጫ እሾህ ሰበረች፤ ልጅ ሲያጠፋ እናት እጁን የምትወጋበትን ማለት ነው። ተንበርክካ እሾሁን ለእናቷ ሰጠችና ክንዷን ዘረጋች።

«ውጊኝ። እስኪደማ ውጊኝ፣ እማ።»

ሴንቴዋ እሾሁን ተቀበለች። የልጇን ክንድ ዳበሰችው፤ ከዚያ እሾሁን ወደ ጓሮ ወረወረችው።

«ይሄ ለልጅ ነው» አለች። «አንቺ ትልቅ ሰው ነሽ።»

ሾኮ ክንዷን ዘርግታ እዚያው ቀረች።