የተላገው ቴስታታ

አብተው በመርፌ የቀዳውን ዘይት በአሮጌው የሞተር ክዳን፣ በቴስታታው፣ ጎድጓዳ ውስጥ ጠብ እያደረገ ቆጠረ። መቶ አሥር ሲሲ ያዘ። ሌላውን፣ ተልጎ የሳሳውን ቴስታታ፣ አጠገቡ ገልብጦ እንዲሁ ለካ። ሰማንያ ሁለት። አላመነም፤ ደገመው። ያው ሰማንያ ሁለት ነው።

የቀበሌው አሮጌ ዶጅ ቫልቮላዎቹ ከሲሊንደሩ ጎን የተተከሉበት፣ ቴስታታው እንደ ድስት ክዳን ከላይ የሚደፋበት ሞተር ነው። ክዳኑ ሲላግ ቤንዚኑ ይበልጥ ይታመቃል፤ የታመቀ ቤንዚን ጉልበት ይሰጣል። ይህን ናዝሬት ያለ ጋራዥ ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን ቤንዚን በኩፖን ከሆነ ወዲህ ሾፌሩ ላምባ ይቀላቅልበታል። ላምባ ያለበት ቤንዚን ሲታመቅ ያለ ጊዜው ይቀጣጠላል፣ ሞተሩ በመዶሻ እንደሚቀጠቀጥ ይጮኻል፣ አቀበት ላይ ሲደርስ ከቴስታታው ሥር ያለውን ማሸጊያ፣ ጋርኒሽኑን፣ አቃጥሎ ቀጥ ይላል። አብተው ለዚህ ዶጅ እስከ ዛሬ አሮጌውን ቴስታታ የመረጠለት ለዚህ ነው።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ወዬሳ ከፀሐዩ ወደ ጋራዡ ገባ።

"ጋሽ አብተው፣ እስካሁን አልተገጠመም? ነገ ጠዋት ሠላሳ ስምንት ምልምል ጭኖ አሰላ መውጣት አለበት እኮ።"

ከሠላሳ ስምንቱ አንዱ ሙሉአለም ነው፤ ማክሰኞ ከመናኸሪያ የታፈሰው የአብተው አንድ ልጅ። አሁን ቀበሌው አዳራሽ ተቆልፎበታል።

"ጓድ ሊቀ መንበር፣ ልጄ ዕድሜው አልደረሰም። የክርስትና ወረቀቱን አሳይቼዎታለሁ።"

"አይቻለሁ። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ አልካድኩም። ግን ኮታ ነው። አንድ ቢጎድል የሚሞላው የእኔ ታናሽ ወንድም ነው። ምን ላድርግ ይላሉ?"

ወዬሳ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ አብተው ቢያንስ ይጠላው ነበር። መኪናውን አላስነሳም ቢል ደግሞ ከሞጆ ሌላ ይመጣል፤ እሱም አሻጥረኛ ይባላል። አሻጥረኛ ተብሎ የተወሰደ ሰው የት ደረሰ ተብሎ አይጠየቅም።

ወዬሳ ሁለቱን ቴስታታዎች አየ። "ለመሆኑ ጉልበት ያለው የትኛው ነው?"

"የሳሳው" አለ አብተው። እውነቱን ነው።

"ታዲያ እሱን ይግጠሙዋ። ያለፈው ጊዜ ከዴራ በላይ ያለውን አቀበት በእግሩ የሚሄድ ሰው እየቀደመን ነው የወጣነው።"

'ላምባ ከሌለበት ነው' የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ደረሰ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለባለመኪና እንዲህ ያለ ነገር ደብቆ አያውቅም። ዛሬ ዋጠው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል።

የሳሳውን ቴስታታ ደፍቶ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቀ። እሳት የሚሰጠውን አንዱን ካንዴላ አውልቆ ወዬሳን አውራ ጣቱን በቀዳዳው ላይ እንዲያደርግ ነገረውና ሞተሩን በእጅ የሚያስነሳበትን ማኖቬላ አዞረ። እመቃው የወዬሳን ጣት አስፈንጥሮ ጣለው። ሰውየው እንደ ልጅ ሳቀ።

"ይሄማ አንበሳ ነው። ገለቶማ፣ ጋሽ አብተው።"

ወዬሳ ሲሄድ አብተው ማንም ሳይጠይቀው ፍሬኑን ፈትሾ አስተካከለ። መኪናው እንዲቆም እንጂ ወደ ገደል እንዲንሸራተት አይፈልግም። የሚጫነው ሠላሳ ስምንት የሰው ልጅ ነው።

ሚስቱ ዘርፉ ብርድ ልብስ ታቅፋ መጣች። ዓይኗ አብጧል።

"አሰላ ብርድ ነው አሉ። ይህን ላደርስለት ነው።"

"ብርድ ልብሱን ተይው። ሸራ ጫማውን ውሰጂለት።"

"ኮንጎ ተጫምቷል እኮ።"

"በኮንጎ አይሮጥም" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ከኋላ በኩል ይቀመጥ በይው። ከዴራ በላይ ሞተሩ እንደ መዶሻ መጮኽ ሲጀምር የጫማውን ማሰሪያ ያጥብቅ። መኪናው ይቆማል።"

ዘርፉ ወደ በሩ ዞር ብላ አየች።

"ጠባቂዎቹስ?"

"ሁለት ናቸው።"

"ጠመንጃ አላቸው፣ አብተው።"

"የሚወስዱት ቦታም ጠመንጃ ነው ያለው።"

ብርድ ልብሱን ቀስ ብላ አግዳሚው ላይ አስቀመጠች። "የሸራ ጫማው ማሰሪያ ተበጥሷል" አለች በመጨረሻ።

አብተው ጎማ ላይ ተቀመጠ። በዘይት የጠቆረ ጣቱ እየተንሸራተተበት የገዛ ጫማውን ማሰሪያ ከሁለቱም እግሮቹ ፈታና በመዳፏ ላይ አኖረላት።