ያልተሰቀለው ቁልፍ

ጋሼ ቱቦን ጋሼ ቱቦ ያሰኘው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። ይህ አማች ስልክ ይሸጣል፤ ከምላሱ በቀር በዕድሜው ያደከመው ነገር የለም። አንድ እሑድ ምሳ ላይ ድንገት ነገር አነሳና፣

«ለመሆኑ ጋሼ፣ እዚያ ከመሬት በታች ምንድን ነው የምትሠሩት?» አለው።

ሰውዬው የዋህ ነበርና እውነቱን ተናገረ። «ቱቦ እንገጥማለን። ከገጠምን በኋላ ውስጡ ያለውን አየር መጥጠን እናወጣለን። ምንም እስከማይቀር ድረስ።»

«ምንም?»

«ምንም።»

አማችየው ማንኪያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «እህቴ፣ ሰማሽ? ባልሽ በየጠዋቱ በሰርቪስ የሚሄደው ምንም ለመሥራት ነው።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሚስቱም ሳቀች። የሌሎቹ ሳቅ ከሳህኖቹ ጋር ታጥቦ ሄደ፤ የእሷ ግን ጉሮሮው ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተቀርቅሮ ቀረ።

ነገሩን ማስረዳት ይችል ነበር፤ ብቻ የሚያስጨርሰው አልተገኘም። ከከተማው ሥር እንደ ቀለበት የዞረ ረጅም ዋሻ አለ። ተመራማሪዎቹ ከአቧራ ብናኝ ይልቅ እጅግ እጅግ ያነሱ ቅንጣቶችን በቱቦው ውስጥ ያስሮጣሉ፤ ግማሹን በዚህ፣ ግማሹን በዚያ። ሲጋጩም ዓለም ከምን እንደተሠራች ለማየት ይሞክራሉ። በመንገዱ ላይ ትንሽ አየር ካለ ግን ቅንጣቶቹ ከአየሩ ጋር እየተላተሙ ይበተናሉ። ስለዚህ ያ አማቹ የሳቀበት «ምንም» መንገዱ ራሱ ነው። መንገድ የሌለው እንግዳ የት ይደርሳል?

ለዚህ «ምንም» ሲል ጋሼ ቱቦ ዕድሜውን ሙሉ ጓንት አጥልቆ ኖረ። የቱቦውን ውስጥ በባዶ ጣት መንካት ክልክል ነው፤ የአንድ ጣት ወዝ ገብቶ ከቀረ ወራት ሙሉ ሲተን ይከርምና የሁሉንም ልፋት ገደል ይከተዋል። የገዛ እጁን ሥራ በእጁ ዳስሶት አያውቅም ማለት ነው።

ከተማው ግን ሁሉንም ነገር ያለ ጓንት ነካካው። «ቅንጣት የወንዶች ፀጉር ቤት» ተከፈተ። የእግር ኳሱ ቡድን ማልያው ላይ ቀለበት አሳተመ። አንዱ ዘፋኝ በተቃራኒ አቅጣጫ ዞረው ዞረው ስለሚጋጩ ፍቅረኞች ዘፈነና ታክሲው ሁሉ እሱን ብቻ ያጫውት ጀመር። አማችየው እንኳ ሳያፍር ሱቁን «ቅንጣት ሞባይል» ብሎ ሰየመው። በየስልኩ የሚያስከፍተው ድረ ገጽ መጀመሪያ የተፈጠረው እንደነዚሁ ያሉ ተመራማሪዎች ሥራቸውን እንዲለዋወጡበት እንደሆነ ጋሼ ቱቦ ቢነግረው፣ «ታዲያ ቱቦው ምን አገባው?» አለ። ሚስቱ ወገቧን ታምማ ሆስፒታል ትልቁ መመርመሪያ ውስጥ ያስገቧት ጊዜም፣ «የማሽኑ ማግኔት እኮ ቅንጣቶቹን በቀለበቱ የሚያዞረው የእኛ ማግኔት ዘመድ ነው» ቢላት፣ «እሺ» አለችው፤ ልጅ ሥዕሉን ሲያሳይ «እሺ» እንደሚባለው።

እንዲህ እያለ ዋሻው ውስጥ ሲገጠም የቆየው አዲስ የቱቦ ቀለበት አለቀ። የመጀመሪያው የቅንጣቶች ጨረር በሚለቀቅበት ቀን እያንዳንዱ ሠራተኛ ከሁለት የቤተሰቡ አባላት ጋር አዳራሽ ገብቶ እንዲያይ ቃል ተገባ። ጋሼ ቱቦ ሚስቱንና አማቹን ጠራ። ሚስቱ ቀሚስ አሰፋች። አሰፍታም፣ «ባሌ ሥራ ቦታ ተጋብዤ» ብላ ለጎረቤት ስትናገር በመስኮት ሰማት።

በዕለቱ ጠዋት ቡድኑ የመጨረሻውን መገጣጠሚያ አይቶ ሲወጣ፣ የፕሮቶኮሉ ሰውዬ በሚያብረቀርቅ ጫማው መልበሻ ክፍል ድረስ መጣ።

«እንግዳ በዝቷል» አለ። «የቴክኒክ ሠራተኞች ካፌ ሆናችሁ በቴሌቪዥን ትከታተላላችሁ። ስትወጡ በጀርባው በር ይሁን፤ ቱታው ካሜራ ውስጥ ይገባል።»

«ቤተሰቦቻችንስ?» አለ ፎርማኑ።

«ለጥበቃ ተነግሯል። በአክብሮት ይመለሳሉ።»

የተማረ ሰው ሲያባርርም በአክብሮት ነው። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንገታቸውን ደፍተው ወደ ቁልፍ መስቀያው ሰሌዳ ሄዱ።

ይህ ሰሌዳ ከዋሻው አፍ ላይ፣ ከአዳራሹ በመስታወት ብቻ የተለየ ነው። ዋሻ የሚገባ ሰው ሁሉ የራሱን ቁልፍ ከሰሌዳው ነቅሎ ኪሱ ይከታል፤ ሲወጣ መልሶ ይሰቅላል። አንድ ቁልፍ እንኳ ከጎደለ መሣሪያው ሰው ውስጥ አለ ብሎ ያምናል፤ አልነሳም ይላል። ሰውን ከጨረር ለመጠበቅ ሥርዓቱን ያስተከለችው የመሣሪያው ኃላፊ ዶክተሯ ናት። አለቃም ቢቆጣ፣ ኮምፒውተርም ቢያባብለው ሰሌዳው አይሰማም።

ሌሎቹ ሰቀሉ። ጋሼ ቱቦ እጁን ወደ ሰሌዳው ዘርግቶ ሳለ ዓይኑ በመስታወቱ አሻግሮ ወደ ዋናው በር ሄደ። ሚስቱ በአዲሱ ቀሚስ ቆማለች። ዘበኛው በእጁ ወደ መንገዱ እያመለከታት ነው። ወንድሟ ከጎኗ ሆኖ ይስቃል።

እጁን መለሰ። ቁልፉን ኪሱ ከቶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

አዳራሹ ውስጥ ንግግሩ አለቀና ትልቁ የክብር እንግዳ የመሣሪያውን ማስነሻ ተጫኑ። መብራቱ ቀይ ነው። ደገሙት። ቀይ ነው። ፎርማኑ እየሮጠ መጣ።

«ጋሼ፣ ረስተህ ነው አይደል?»

«አልረሳሁም።»

የፕሮቶኮሉ ሰውዬም ደረሰ። «አምጣ!» አለና መዳፉን ዘረጋ። «ለመሆኑ አንተ ማን ነህ?»

«ቁልፉ ኪሱ ያለው።»

ዋና ሥራ አስኪያጁ ከኋላ ብቅ አለ፤ ላቡ ኮሌታውን አርሶታል። «ውስጥ ሰው እንደሌለ እያየን ነው። ሰሌዳውን እለፉትና አስነሱ።»

«አይታለፍም» አለች ዶክተሯ። «ዛሬ ለእንግዳ ብለን ካለፍነው ነገ ሰው ውስጥ እያለ እናልፈዋለን።»

እሷ መጥታ አጠገቡ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ፊቷ ግን ለስላሳ አልነበረም።

«ጋሼ፣ ይህን ቀን ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቀው ነበር። የሚጎዱት እኔን ነው።»

«እርስዎ ውስጥ ወንበር አለዎት፣ ዶክተር።»

ዶክተሯ ወደ መስታወቱ ዞራ በሩ ላይ የቆሙትን አየች። እንዲመለሱ መታዘዙን ያወቀችው ገና አሁን እንደሆነ ከፊቷ ያስታውቅ ነበር።

«ነገ ያባርሩዎታል» አለችው።

«ያባርሩኝ።»

«ምን ይሁን ነው የሚሉት?»

«ሚስቴ በዋናው በር ትግባ። የሁላችንም ቤተሰብ ይግባ። እኛም በዚሁ ቱታ እንገባለን። ከዚያ ሚስቴ እያየች ቁልፌን እሰቅላለሁ።»

«ይህ እኮ ማስፈራራት ነው!» አለ የፕሮቶኮሉ ሰውዬ።

«ነው» አለ ጋሼ ቱቦ።

ዶክተሯ ተነሳች። «ወይ በሩን ክፈቱ፤ ወይ እንግዶቹን ሸኙ» አለችው ለሥራ አስኪያጁ። እሱም ወደ ካሜራዎቹ አየ፤ ሰዓቱን አየ፤ በመጨረሻም ለዘበኛው ምልክት ሰጠ።

ሚስቱ በቀዩ ምንጣፍ ላይ የሰው ዓይን ሁሉ እያያት መጣች። ወንድሟም ስልኩን ደግኖ ይከተላታል። ከኋላቸው የሌሎቹ ሠራተኞች ሚስቶች፣ እናቶች፣ አንድ በከዘራ የሚሄዱ አባት።

«ምን አድርገህ ነው?» አለችው በሹክሹክታ።

«ቆይ ታያለሽ» አለና ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። ሰቀለው። ቀዩ መብራት አረንጓዴ ሆነ። አዳራሹ በሙሉ፣ ትልቁ እንግዳ ጭምር፣ የአንድ ባለ ቱታ እጅ ሲወርድ አየ።

ማስነሻው ተጫነ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ነጥብ ብልጭ አለች፤ ቀለበቱን ዞራ እንደገና ብልጭ አለች። ዶክተሯ አፏን በእጇ ያዘች። ሰው ሁሉ ተነስቶ አጨበጨበ።

«ጋሼ» አለ አማችየው፣ «ይህ ሁሉ ግርግር ለዚህች ነጥብ ነው?»

«ለእሷ ነው።»

«ታዲያ በጣም ትንሽ...»

«ዝም በል!» አለችው እህቱ። ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም።

በማግስቱ የስንብት ደብዳቤው ደረሰ። የይቅርታ ማመልከቻ ከጻፈ ጉዳዩ እንደሚታይለት የሰው ኃይል ኃላፊው አስረዳው።

«ምን ብዬ ልጻፍ?»

«በስሜት ተገፋፍቼ በሉ።»

«በስሜት ብሆን ቁልፉን ይዤ ቤቴ እሄድ ነበር» አለና የመግቢያ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ጣለለት። ወጥቶ ሲሄድ ጓደኞቹ በዋናው በር፣ በቱታቸው፣ ካሜራ ይኑር አይኑር ሳይሉ አጅበው ሸኙት። ከተረፈው ቱቦ ክንድ የምታህል ቁራጭም አሸከሙት።

ቁራጯ አሁን ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆማለች። ጋሼ ቱቦ ሥራ ፈላጊ ሆኖ ጥቂት እንደሰነበተ አማችየው ለእሑድ ምሳ መጣ። ምላሱ ትንሽ ሰክኗል፤ እጁ ግን አልሰከነም። ቱቦዋን አይቶ ጣቱን ወደ ውስጧ ሰደደ።

ሚስቱ ከወጥ ቤት እንኳ አልወጣችም። «ጓንት ሳታደርግ እንዳትነካ!» አለችው።